መሬት የጠፋባት ታውንያ

በኛ ከተማ ካንሰርሽ ጠፋ ከተባልሽ ሰው ለቅሶ ይደርስሻል። አትሳቁ፣ የምሬን ነው። ታውንያ ግሩብስን ሐኪሟ «ፎቶው ንጹህ ነው፣ አንድም ነገር አልቀረም» ያላት ቀን ቤተ ክርስቲያን ደወል ተደወለላት፣ ሴቶቹ ተቃቀፉ፣ ፓስተሩ መነጽሩን አውልቆ አለቀሰ። ወደ ማታ ደግሞ የቀድሞ ወታደሮች ክበብ ሽማግሌዎች አንድ ትሪ ፓስታ በአይብ አስጋግረው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው በረንዳዋ ላይ ተሰለፉ።

«አይዞሽ ሃምሳ አለቃ» አላት ዴልበርት፣ ድምፁን እንደ ቀባሪ ዝቅ አድርጎ። «ሁላችንም ያለነው እዚያው ነው።»

«ምን ሆንኩ?» አለች ታውንያ።

«ዳንሽ።»

እኔ ማርቫ ነኝ፣ ዓርብ ዓርብ የክበቡን አምባዛ የምጠብሰው። ከታውንያ ቤት አጥር ነው የሚለየን፤ እሱንም አጥር ካላችሁት። ስለዚህ ይህን የምነግራችሁ ሰምቼ አይደለም፣ አይቼ ነው። ሰምቼ የጨመርኩበት ካለም ጥቂት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውትድርና ላይ ሆነሽ በሳብሽው አየር የደም ካንሰር ከያዘሽ፣ ካንሰሩ ላይሽ ላይ እስካለ ወይም መድኃኒቱን እየወሰድሽ እስካለሽ ድረስ መንግሥት መቶ ፐርሰንት አካል ጉዳተኛ ብሎ ይጽፍሻል። መድኃኒቱ ካለቀ ከመንፈቅ በኋላ ይጠሩሻል። ያዩሻል። ካንሰሩ የለም? መቶው ይፋቃል። ከዚያ በኋላ የሚቆጠርልሽ ካንሰሩና መድኃኒቱ ሰብረውብሽ የሄዱት ነገር ብቻ ነው። ምንም አልሰበሩም ካልሽ ዜሮ።

ክበባችን ውስጥ ታዲያ ሰው በስሙ አይጠራም። «ሰላሳው መጣ»፣ «ዘጠናው ቢራ አምጪ ይላል» ነው። ሰላሳው ሜርል ነው፣ ጉልበቱና ጆሮው። ዴልበርት ዜሮ ነው። ዜሮ ስል ደግሞ ጤነኛ እንዳይመስላችሁ፤ ከቬትናም ይዞት የመጣው የደም ካንሰር አለበት፣ ግን ያ ቀስ የሚለው ዓይነት ነው፤ ደሙ ውስጥ ጥቅልል ብሎ ተኝቷል። የተኛ ካንሰር ደግሞ ፐርሰንት የለውም። ሲነቃ መቶ ነው፣ እስኪነቃ ዜሮ። ጠዋት ጠዋት ክበቡ በር ላይ ሜርል ይጠይቀዋል፦

«ዛሬም ተኝታለች?»

«ተኝታለች፣ አትጩህ» ይላል ዴልበርት፣ ደረቱን እንደ ሕፃን እየመታ።

ታውንያን እንግዲህ ከሥሯ ልንገራችሁ። አባቷ ቨርጂል ግሩብስ ለጀልባ ነዳጅ የሚሸጥ ሰው ነበር። ወንዙ በየጥቂት ዓመቱ ተነስቶ ከተማውን ስለሚጎበኝ፣ ቤቱን ረጃጅም ምሰሶ ላይ አቁሞት ነው የሠራው። ታውንያ ልጅ ሆና ከእንጨቱ ወለል ስንጥቅ በታች ውሃ እያየች ነው ያደገችው። አንዳንዴ ጠዋት ጉሙ ከወንዙ ተነስቶ ምሰሶዎቹን ይውጣቸውና ቤቱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እኔ ከመስኮቴ ሳየው ገና ሕልሜ ያላለቀ ይመስለኛል። ሰውም በዚያ ጉም ውስጥ ሲመጣ ከወገብ በላይ ብቻ ነው፤ ፖስተኛው ሳይቀር ያለ እግር ተንሳፍፎ ይመጣል።

ሥራዋ መኪና ነው። የትምህርት ቤት ክፍያ ይሸፈንልኛል ብላ ጦሩ ውስጥ ገባች፣ የከባድ መኪና መካኒክ አደረጓት፣ ትምህርት ቤቱም ቀረ። ስትመለስ ጋራዥ ገባች። ወይ እጅ! እኔ እንኳን የማላምነው ነገር ነበር፤ ሞተር ውስጥ ዓይኗ የማይደርስበት ቦታ እጇን አስገብታ፣ ሰማይ ሰማይ እያየች፣ የብሎኑን ዳዶ በጣቷ ጫፍ ብቻ ትፈታው ነበር። ጆሮዋም ጉድ ነው። መንገድ ላይ መኪና ሲያልፍ «የሱ ቺንጋ እስከ ዓርብ አይቆይም» ካለች ዓርብን አያይም።

ኢራቅ የነበረችበት የጦር ሰፈር አጠገብ አንድ ጉድጓድ ነበር። የኳስ ሜዳ ያህላል ትላለች። ሠራዊቱ የጣለውን ሁሉ እዚያ ይቆልሉና የአውሮፕላን ነዳጅ አርከፍክፈው ያቃጥሉታል፦ ጎማ፣ ባትሪ፣ ፕላስቲክ፣ የሆስፒታል ጨርቅ፣ ያልተበላ ምግብ። ሌት ተቀን ይነድዳል። ጋራዣቸው ነፋሱ ጭሱን በሚነዳበት በኩል ነው። «ጥቁር ጭስ ነው የምትሉት እናንተ» ትለኝ ነበር፤ «ጎህ ሲቀድ ግን ሮዝ ይሆናል ማርቫ። ሮዝ! የሠርግ ከረሜላ ነው የሚመስለው። ቆመን እናየው ነበር፣ አፋችንን ከፍተን።»

አፋችንን ከፍተን። እንግዲህ ይኼው ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንገቷ ላይ እንደ ባቄላ ያለ እብጠት ወጣ። ንፍፊት ውስጥ የሚያድር የደም ካንሰር ነው፣ ሊምፎማ ይባላል አሏት። ኬሞ ተጀመረ። በዚያ በጋ አልጋዋን በረንዳው ላይ አወጣንላት፣ ክፍሉ ይታፈናል ብላ። ከበቆሎ ጭነት በስተቀር ምንም የማይዙ ረጃጅም ጀልባዎች ሲመሽ መብራታቸውን አብርተው በፊቷ ያልፋሉ። ከእንቅልፍና ከመድኃኒት መሃል ሆና እጇን ታውለበልብላቸዋለች። አንዳንዴ ጀልባ ሳይኖርም ታውለበልባለች። «ማነው?» ስላት «አባባ ነው፣ ነዳጅ ሊቀዳ» ትለኛለች። እኔም አብሬ አውለበልባለሁ፤ ምን ይጎድልብኛል?

ካንሰሩ ሄደ። መድኃኒቱ ግን ሲወጣ ባዶ እጁን አልወጣም። የእግሯንና የእጇን ጣቶች ይዞ ሄደ። እዚያው አሉ፣ ግን አይሰማቸውም። ይህን ደግሞ ለማንም አልተናገረችም። እኔ ነኝ የነቃሁት፣ ለክበቡም ሹክ ያልኩት። ስትራመድ እግሯን እንደ ሌላ ሰው ልጅ ዞር ብላ ታየዋለች፣ የት እንዳለ ለማረጋገጥ። የገላዋን ውሃ በክርኗ ትለካለች። ሸሚዟን መስታወት ፊት ካልሆነ አትቆልፍም። መኪና ስትነዳ ፔዳሉ ስለማይሰማት ሞተሩን በጆሮዋ እያዳመጠች ነው የምትረግጠው። ብጠይቃት «አሁን ለይቶልሻል ማርቫ፣ ሰላይ ሆነሻል» ብላ ሳቀችብኝ።

እንግዲህ ቤቱ። እኛ ክፍለ ሀገር የቤት ግብር አንገት ነው የሚያንቀው፤ ወንዝ ዳር ሲሆንማ ተዉት። ሰባ ፐርሰንትና ከዚያ በላይ ያለው ወታደር ግን አይከፍልም። ታውንያ መቶ እያለች ቤቱን ማንም አልነካባትም። ከሰባ በታች ከወረደች ግን በአንድ ወገን ግብሩ ይመጣል፣ በሌላ ወገን የወር ገንዘቧ ይቀንሳል፣ ጋራዥ እንዳትመለስ ጣቷ ዳዶ አይዝም። ቨርጂል ምሰሶ ላይ ያቆመው ቤት ይሸጣል። ከተማው ሁሉ ያውቃል። እሷም ታውቃለች፤ ዝም ብላ ነው እንጂ።

«ሰባ ምን አላት?» አለ ሜርል ክበቡ ውስጥ። «አንድ እግር ሃያ፣ ሌላው ሃያ፣ እጅ እጅ ደግሞ...»

«ቆይ አንተ» አለው ዴልበርት፤ ከወጥ ቤት አንድ ትሪ የበቆሎ ዳቦ ነጠቀኝ። «ሴትዮዋ ይህ ትሪ ናት እንበል። ሙሉ። ለአንዱ እግር ሃያ ቆረጥኩ።» ቆረጠ፣ በላው። «አሁን ለሁለተኛው እግር ሃያ የምቆርጠው ከሙሉው ነው? አይደለም! ከቀረው ነው። የቀረችው ጤነኛ ሴት ላይ ነው ሃያው።» ቆረጠ፣ በላ። «ለእጇም እንዲሁ ከቀረው። ሁለቱም እግር፣ ሁለቱም እጅ ከሆነ ትንሽ ምርቃት ጣል ያደርጉላታል። ግን ተመልከት፣ ምንም ብትቆርጥ ትሪው ባዶ አይሆንም። ሁልጊዜ ትንሽ ጤነኛ ሰው ይቀራል።»

«ያ ፍርፋሪ እኔ ነኛ» አለች ታውንያ ከጥግ።

«አንቺ ነሽ። እና አራቱንም ካልቆጠሩልሽ ሰባ አትገቢም። አንዱን እንኳ ብትደብቂ አለቀ።»

«የዓርብ ዳቦዬን ጨረስክብኝ» አልኩት እኔ።

«ለሳይንስ ነው።»

የምርመራው ጥሪ በስልክ መጣ፦ ማክሰኞ ጠዋት፣ መንግሥት በኮንትራት የሚያሠራው ቢሮ። ክበባችን ውስጥ ታዲያ ሰው ሊመረመር ሲል ልምምድ ይደረጋል። የቆየ ልማድ ነው። አንዱ ሐኪም ይሆናል፣ ሌሎቹ ይታዘባሉ። ሐኪሙ እኔ ነኝ ሁልጊዜ፤ የማንንም ድምፅ ስለማወጣ ነው ይላሉ፣ እውነቱ ግን ነጭ ሽርጥ ያለኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው።

ለምን ልምምድ አስፈለገ በሉኝ። ወታደር ናቸዋ! ልጅ ሆነው የገቡበት ቦታ ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው ሰነፍ ተብሎ ነው የሚሳቅበት። እግሩ ተሰብሮ «እንዴት ነህ?» ሲሉት «አይከፋም ጌታዬ» ብሎ የሚመልስ ሰው ነው። ከዚያ ሐኪሙ «አይከፋም» ብሎ ይጽፋል፣ ፐርሰንቱ ይወርዳል፣ ሰውዬው መጥቶ እኔ ላይ ቢራ እየጠጣ ያለቅሳል። ስለዚህ ልምምዱ አንድ ትምህርት ብቻ ነው ያለው፦ ከሁሉ የከፋ ቀንሽን ተናገሪ።

ሽርጤን ለበስኩ፣ አፍንጫዬን ነፋሁ። «ወይዘሮ ግሩብስ፣ እንዴት ነዎት?»

«አይከፋም ጌታዬ።»

«ኧረ በፈጠረሽ!» አለ ሜርል።

«እንደገና» አለ ዴልበርት።

«ወይዘሮ ግሩብስ፣ እንዴት ነዎት ዛሬ?»

«ደህና። እርስዎስ?»

«እሱ ምን አገባሽ!» ዴልበርት ጠረጴዛውን መታ። «ስለ ሐኪሙ ጤና ማን ጠየቀሽ? ተናገሪ! ምንሽን ያምሻል?»

«ምንም አያመኝም ዴልበርት፤ ይሙቱ፣ አያመኝም። የማይሰማ ነገር ያማል እንዴ?»

ሜርል ተነስቶ ከቁም ሳጥኑ የክበቡን ምርኩዝ አመጣ። ያ ምርኩዝ ከስንቱ ጋር ምርመራ ሄዷል መሰላችሁ! የራሱ ፐርሰንት ሊሰጠው ይገባ ነበር። «ያዢ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ካሜራ አላቸው፤ ከመኪና ስትወርጂ ጀምሮ ነው የሚያዩሽ።»

«በምርኩዝ አልሄድም።»

«ለምን?»

«ስለማልሄድበት።»

«ኩራተኛ» አለ ሜርል።

«ውሸታም» አለችው፣ ረጋ ብላ። ሜርል ምርኩዙን መለሰ፤ ጉልበቱ ግን እውነት ነው፣ አያይዛችሁ እንዳትጠረጥሩት።

ማክሰኞ ጠዋት እኔ ነዳሁ። ጉሙ መንገዱን አልጋ አድርጎት ነበር፤ አኩሪ አተሩ ማሳ የት እንደሚያልቅ፣ ሰማዩ የት እንደሚጀምር አይለይም። ታውንያ ልብሷን ተኩሳ፣ ጫማዋን አብርታ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራ፣ ከድል እንደተመለሰ ጄኔራል ተቀምጣለች። ከተኛሁበት ቀስቅሰው የሚያሳዩኝ ከተማ ይመስል፣ አንድ ጊዜ ጎተራ፣ አንድ ጊዜ የውሃ ታንከር ከጉሙ ብቅ እያለ ይመለሳል።

«አፍሽን ክፈቺ፣ ሌላ ምንም አልልሽም» አልኳት።

«ማርቫ።»

«ወይ።»

«ሞተርሽ ሁለተኛው ሲሊንደር ላይ ይቆራረጣል።»

ቢሮው በአንድ የጥፍር ማስዋቢያ ቤትና በአንድ ምንጣፍ ሻጭ መሃል የተወሸቀ ክፍል ነው። ካሜራም አላየሁም፣ ድመት ነው ያለው። መርማሪው ሚስተር ፔልቲየር ይባላል፤ ወጣት፣ ለስላሳ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያለ ይመስል የሚያንሾካሹክ። ባለ ጎማ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ጓደኛዎ መቀመጥ ይችላሉ» አላት፤ «ግን የሚመልሱት እርስዎ ነዎት።» እኔን እንዴት አወቀኝ? ፊቴ ላይ ተጽፏል መሰለኝ።

«እንዴት ነዎት ወይዘሮ ግሩብስ?»

«አይከፋም ጌታዬ።»

ከንፈሬን ነከስኩ።

«ትኩሳት?»

«አይ ጌታዬ።»

«ሌሊት ላብ ያጠምቅዎታል?»

«አይ ጌታዬ።»

«አዲስ እብጠት? አሁን የሚወስዱት መድኃኒት?»

«የለም ጌታዬ። አይ ጌታዬ።»

ሁሉም እውነት ነው። አንድም አልዋሸችም። ግን በእያንዳንዱ «አይ» ከዚያ ቤት ሥር አንድ ምሰሶ ሲነቀል ታየኝ። ተነቀለ፣ ውሃው ወሰደው። ሌላው ተነቀለ።

«እጅና እግርዎስ?»

«ይሠራሉ ጌታዬ።»

ይሠራሉ! ያንን ባለ ጎማ ወንበር አንስቼ ብወረውርባት ደስታዬ ነበር።

«ጫማዎንና ካልሲዎን ያውልቁልኝ» አላት። አወለቀች፣ እያየች፣ የጫማውን ማሰሪያ በዓይኗ እየፈታች። ሰውየው ቀጭን ክር አወጣ፤ የዓሣ መንጠቆ ክር የመሰለ፣ እጀታ ላይ የተሰካ። «ዓይንዎን ይጨፍኑ። ክሩ ሲነካዎት 'አሁን' ይበሉኝ።»

ዓይኗን ጨፈነች። እሱ ጎንበስ አለ፣ አውራ ጣቷን ነካ።

«አሁን» አለች።

ቀና አለ። ጎንበስ አለ፣ ተረከዟን ነካ።

«አሁን።»

ሌላውን እግር። «አሁን።» ውስጥ እግሯን። «አሁን።» አንድም አልሳተችም። እኔ ደነገጥኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የዳነች መስሎኝ አዘንኩ። ሰውየው አንገቱን እየነቀነቀ ይጽፋል። «በጣም ጥሩ» ይላል በሹክሹክታ። በጣም ጥሩ ማለት ቤቱ ተሸጠ ማለት ነው።

ከዚያ ብዕሩ ወደቀበት። ሊያነሳው ወደ ጎን ዘንበል አለ፣ ወንበሩ ቅጭጭ አለ።

«አሁን» አለች ታውንያ።

ሰውየው ብዕሩን እንደያዘ ቀረ። አየኝ፣ አየሁት። ቀስ ብሎ፣ እግሯን ሳይነካ፣ ወደ ሌላው ጎን ዘንበል አለ። ቅጭጭ።

«አሁን።»

ክሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ወይዘሮ ግሩብስ፣ አልነካሁዎትም።»

ዓይኗን አልገለጠችም። ጥፍር ቤት ያለው ሬዲዮ ግድግዳውን አልፎ ይሰማል።

«ወንበርዎ ዘይት ይፈልጋል» አለች።

«በወንበሩ ድምፅ ነበር?»

«ጎንበስ ሲሉ አንዴ ይጮሃል፣ ቀና ሲሉ ሁለቴ። ግራ ጎማው ነው።»

«ለምን ግን? ለምን?»

«ፈተና ነው አላችሁኝ» አለች፤ ድምፅዋ አነሰብኝ። «ወድቄ አላውቅም። ጎማ ስፈታ፣ ተኩስ ስማር፣ የትም። መውደቅ እንዴት እንደሆነ አላውቅበትም።»

ሚስተር ፔልቲየር ከዚያ ወንበር ተነሳ፤ ወለሉ ላይ፣ እግሯ ሥር፣ እንደ ልጅ ተቀመጠ። «ይህ የሚታለፍ ነገር አይደለም» አላት። «ዓይንዎን ሳይገልጡ ይንገሩኝ፤ አሁን እግርዎ ሥር ምን አለ?»

«እርስዎ ነዎት የሚያውቁት።»

«ለእርስዎ ምን አለ ነው ያልኩት?»

ያኔ ነው አፏ የተከፈተው። ዓይኗ እንደተጨፈነ፣ ለማንም እንደማታወራ ሆና ጀመረች።

«ምንም የለም» አለች። «መሬት የለም። ከመድኃኒቱ ወዲህ መሬት ጠፍታብኛለች። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ እግሬን አወርደዋለሁ፣ አወርደዋለሁ፣ የት እንደሚያርፍ አላውቅም፤ ሰውነቴ ሲቆም ነው እንደደረስኩ የማውቀው። የኛ ሰፈር ጉም አለ፣ ማርቫ ታውቀዋለች። ጉሙ እኔ እግር ላይ አልተነሳም። ቀኑን ሙሉ። ባለፈው የፈላ ውሃ እግሬ ላይ ደፍቼ ያወቅኩት ውሻዬ ሲጮህ ነው። ማንም አይስማኝ ብዬ ነው እንጂ ሕልም አለኝ። ደጋግሞ ይመጣል። እዚያ ነኝ፣ ኢራቅ። ያ ጉድጓድ ይነድዳል፣ ጭሱ ሮዝ ነው። ባዶ እግሬን ነኝ፤ አሸዋው እሳት ነው፣ ውስጥ እግሬን ያቃጥለኛል። አቤት ማቃጠሉ! አንድ አንዱ ጠጠር ይሰማኛል። እኔም አልሸሽም፣ እየሳቅኩ እዞራለሁ። የገደለኝ ቦታ ነው፤ እኔ ደግሞ ልተኛና ልመለስበት እቸኩላለሁ። ይህን ለማን ይነገራል? ለዴልበርት? ለፓስተሩ? ከኔ ጋር ሄደው ያልተመለሱ ልጆች አሉ። ስነቃ መጀመሪያ የማደርገው ጣቶቼን ማንቀሳቀስ ነው። ይንቀሳቀሳሉ። አያቸዋለሁ። የሰው ናቸው።»

እኔ ካልሲዋን ከወለሉ አንስቼ ጭኔ ላይ አጠፍኩት።

ሰውየው ክሩን አነሳና፣ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ፣ እንደገና ጀመረ። አሁን የሚጮህ ነገር የለም። አውራ ጣት ነካ። ዝም። ተረከዝ። ዝም። ክሩ እስኪጎብጥ ተጫነው። ዝም። ታውንያ እንደ ተኛ ሰው ትተነፍሳለች፤ እሱ እየነካ እየነካ እስከ ቅልጥሟ ድረስ ወጣ፤ ያኔ ነው ገና «አሁን» ያለችው፣ ራሷም ገርሟት። ቀጥሎ መዳፏ ላይ አንድ ነገር አስቀመጠ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ ምን እንደሆነ እንድትለይ። አገላበጠችው፣ አሻሸችው። «ሳንቲም» አለች። ዳዶ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ዳዶ ስትፈታ የኖረች ሴት! ዓይኗን ገልጣ ስታየው ፊቷ የሆነውን አልነግራችሁም። ያንን እንኳ በድምፄ ላወጣው አልችልም።

ስንመለስ ጉሙ ተገፎ ነበር። ከተማው መግቢያ ላይ ስንደርስ፣

«ወደቅኩ አይደል?» አለችኝ።

«ድብን ብለሽ።»

«እንዴት ነው ደስ ያለኝ?»

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ።»

መልሱ የመጣው ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ነው። ዓርብ ነበር፣ አምባዛው ዘይት ውስጥ ነው፣ ክበቡ ጢም ብሏል። ታውንያ ገባች፣ ወለሉን እያየች፣ እርምጃዋን እየለካች። ግን አሁን ማንም እንዳያይባት ብላ አይደለም፤ የሜርልን ትከሻ ያዝ አድርጋ ነው የተራመደችው። ዘይቱን ትቼ መጣሁ።

«ስንት?» አለ ዴልበርት።

«ካንሰሩ ዜሮ።»

«እንኳን ደህና መጣሽ» አላት ዜሮው ዴልበርት። «እሺ ሌላውስ?»

«እግር፣ እግር፣ እጅ፣ እጅ።» ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ከነምርቃቱ ሰባ። ልክ ሰባ። አንዲት ጠጠር አልተረፈም፣ አልጎደለም።»

ወይ ጩኸት! ሜርል ጠረጴዛ ላይ ልውጣ ብሎ ጉልበቱ ትዝ አለው። አንዱ «ሰባዋ! ሰባዋ ትጋብዝ!» ይላል። አምባዛው ከሰል ሆኖ ተቃጠለ፣ ማንም አልጠየቀኝ። ዴልበርት ብቻ ነው ዝም ያለው፣ ደረቱን እየመታ።

«ምን ሆኑ?» አለችው ታውንያ።

«ቀሰቀሳችሁብኝ ብዬ ነው» አለ። ከዚያ ተንከተከተ።

የወር ገንዘቧ በጣም ነው የወረደው፣ ይህን አልደብቃችሁም። መኪናዋን ሸጠች፤ ደግሞም ይሻላል፣ በጆሮ እየተነዳ እስከ መቼ። ቤቱ ግን ቆሟል። ግብር የሚባል በዚያ በር አያንኳኳም።

ከዚያች ዓርብ ማግስት ጠዋት የቡና ሲኒዬን ይዤ ስወጣ ታውንያ ከቤቷ በታች፣ አባቷ ጀልባ ያስር የነበረበት የእንጨት ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ሁለት እግሯን ወንዙ ውስጥ ከታለች። ጉሙ ውሃው ላይ ተኝቷል፤ ከጉልበቷ በታች የለችም። ወረድኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ቀዝቃዛ ነው?» አለችኝ።

እጄን ከተትኩ። ኧረ እናንተ! ጥርሴ ተንቀጫቀጨ፣ ትከሻዬ ጆሮዬ ላይ ወጣ፣ እንደ ታጠበች ድመት ተርገፈገፍኩ። እውነተኛው ብርድ ካለቀ በኋላም ለሷ ብዬ ትንሽ ጨመርኩበት።

ዓይኗ ላይ እንባ እስኪመጣ ሳቀች። «ይህን ያህል?»

«ከዚህም ይብሳል።»

«እንደገና አሳዪኝ» አለች፣ እግሯን ወደ ጥልቁ ዝቅ አድርጋ።